ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው

ጥር 5

ዛሬ ብዙም ሥራ አልነበረም። የአንድ ጃኬት ዚፕ ቀየርኩ፣ ሁለት የዩኒፎርም ሱሪ አሳጠርኩ፣ በቃ። ከሰዓት መብራት ሄደ። የስፌት ማሽኔ የእግር ስለሆነ መብራት አይፈልግም፣ ግን ሱቁ ጨልሞ መርፌው አልታይ አለኝ። በር ላይ ወንበር አውጥቼ የነቀምቴን ሰው ሳይ ዋልኩ። የደንበኛ ልክ የምጽፍበት ደብተር ከጀርባው ባዶ ነው። ይኸው እየጻፍኩበት ነው… ሰው እስኪሰማኝ ደብተር ይስማኝ።

ኡርጂ ከትምህርት ቤት በሩጫ መጣች። ጉልበቷ ተልጧል። «ማን ገፋሽ?» «ማንም፣ ኳሱን ላወጣ ስል ነው።» ልጄ ተከላካይ ናት አሉ። ቤት ውስጥ አንድ ሰሃን አታነሳም፣ ሜዳ ላይ ተከላካይ!

ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። የሴት ልጆች የእግር ኳስ ውድድር፣ ከአስራ አንድ ዓመት በታች፣ አርጆ ከተማ፣ በአጋማሽ ዓመት እረፍት፣ አራት ቀን። ወላጅ ይፈርም ይላል።

አራት ቀን! የዘጠኝ ዓመት ልጅ! አልፈርምም አልኳት። «እማ፣ አንብቢው እንጂ» አለች። አንብቤዋለሁ። አልፈርምም።

ጥር 6

ማታ ራት አልበላችም። ጠዋት ግን ሁለት ዳቦ ከሻይ ጋር። ኩርፊያዋ ሆዷ እስኪጎድል ነው።

ጥር 8

ባሌ ዋጋሪ ከጊምቢ ደወለ። መኪናው ጭነት እስኪሞላ ሁለት ቀን እዚያ ይቆማል። ስለ አርጆ ነገርኩት። «ትሂድ እንጂ!» አለ። ለሱ ቀላል ነው። መሪ ከያዘ ጀምሮ አገሩ ሁሉ ጎረቤቱ ነው።

«መንገዱስ?»

«በሳምንት ሁለቴ የምሄድበትን መንገድ? ሰላም ነው።»

«ብትታመምስ? ብትወድቅስ?»

«ነቀምቴ አትወድቅም?»

 በመጨረሻ «ለማንኛውም አንቺ ታውቂያለሽ» አለ። ባሎች ሁሉ እንዲህ ናቸው ወይስ የኔ ብቻ ነው? ከባዱን ነገር ለኔ ያስረክብና ሞተሩን ያስነሳል።

እስቲ ራሴን ልጠይቅ… ምንድነው የምፈራው? መንገዱን? ብርዱን? አይደለም። ከወሎ ስንመጣ ስድስት ዓመቴ ነበር። የሰፈራ ጊዜ። ግርግር ነበር፣ እኔን ከልጆች ጋር አንዱ መኪና ላይ ሰቀሉኝ፣ እናቴ ሌላው ላይ። «እዚያ ትገናኛላችሁ» አሉን። ሦስት ቀን አላየኋትም። ተገናኘን፣ እሷም ምንም አልሆነች፣ እኔም ምንም አልሆንኩ። ግን ይኸው አርባ ዓመት ሆነው፣ ልጆች የጫነ መኪና ሳይ ዓይኔ እናቴን ይፈልጋል። ይሄ በስልክ እንዴት ይነገራል?

ጥር 14

የወላጆች ስብሰባ። የወላጅ ኮሚቴ ስለሆንኩ ፊት ነው የምቀመጠው፣ ዝም ብዬ ወጥቼም አላውቅም። የስፖርት መምህሩ ጂሩ ስለ ጉዞው አስረዳ። ቡድኑን ያቋቋመው እሱ ነው፣ ሁለት ዓመት በነጻ ያሰለጠናቸውም እሱ ነው።

እጄን አወጣሁ። «ልጅ ኳስ አትጫወት አላልኩም፤ እዚሁ በከተማዋ ትጫወት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዋንጫ ምን ያደርግላታል? አዋቂው ዳር ቆሞ ይጮኻል፣ እሷ መሀል ሜዳ ታለቅሳለች። ተሸንፋ ስትወጣ ማን ያቅፋታል? ይሄ ውድድር ለልጆቹ ነው ወይስ ለኛ?»

ተጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ፣ ምን ይደበቃል።

ጂሩ አልተቆጣም፣ እንደ ወይዘሮ አክብሮ ነው የጠራኝ። «አዴ ታንጉት፣ ጩኸቱን እኔም አልወድም» አለ። «ግን እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት እርስ በርስ ብቻ ነው የተጫወቱት። ማን በየት በኩል እንደምታልፍ በቃላቸው ያውቁታል። ከነሱ ሌላ ልጅ እንዳለ ይዩ።»

ገለታ፣ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴው፣ ከኋላ «ዱጋ ጄቴ! እውነትህን ነው! የኔ ኬኔ ከነቀምቴ ወጥታ አታውቅም፣ ትሂድልኝ» አለ። እሱስ ይሁን። ጓደኛዬ ሩክያ ግን! አጠገቤ ተቀምጣ፣ በኔ ንግግር አጨብጭባ፣ «የኔም ትሂድ» ብላ አረፈችው። በክርኔ ጎሸምኳት። «ምነው ታንጉትዬ፣ ንግግርሽ ጥሩ ነበር እኮ» አለችኝ።

መጨረሻው፣ እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን ይወስን ተባለ። እኔ ወስኛለሁ።

ጥር 19

ጉድ ፈላ። የውድድሩ ኮሚቴ የስም ዝርዝሩን ከትምህርት ቤቱ ፋይል ጋር አመሳክሮ መለሰው። ከአስራ አራቱ ልጆች ስድስቱ ዕድሜያቸው አልፏል ተብለው ተሰርዘዋል። የመጀመሪያዋ ማን ናት? ኡርጂ ዋጋሪ፣ አስራ አንድ ዓመት። አንድ ቡድን ቢያንስ አስር ልጅ ይዞ መቅረብ አለበት፣ የቀሩት ስምንት ናቸው። ስለዚህ ማንም አይሄድም።

እሰይ አልኩ። ሳልፈርም፣ ሳልጣላ፣ ጉዞው በራሱ ጊዜ ቀረልኝ።

እዚህ ደብተር ላይም ልዋሽ እንዴ?… አስራ አንድ ያደረግኋት እኔ ነኝ። አምስት ዓመት እንደሞላት ሱቅ ውስጥ አላስቀምጠኝ አለች፣ ጣቷን መርፌው ሥር ነበር የምትሰደው። ትምህርት ቤቱ ሰባት ዓመት ካልሞላት አይቀበልም። ወሰድኳትና ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰባት አልኩ። መዝጋቢው ተጠራጥሮ ቀኝ እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ ግራ ጆሮዋን እንድትነካ አዘዛት። ነካች! እጇ እንደ አባቷ ረጅም ነው። ሰባት ብሎ ጻፈ። ስንወጣ ከረሜላ ገዛሁላት።

እንግዲህ አሁን እውነቷ ዘጠኝ ዓመት ከአምስት ወር ነው። የክትባት ካርዷ እቤት አለ። ማን ጠየቀኝ?

ጥር 20

«እማ፣ እኔ አስራ አንድ ነኝ እንዴ?»

«ማን አለ?»

«ወረቀቱ።» ሌሎቹ ልጆች አጭበርባሪ አሏት። በናንተ ምክንያት ቀረን አሏት። እሷ ያጭበረበረችው ነገር እንደሌለ ታውቃለች፣ ግን ወረቀት ደግሞ አይዋሽም ብላ ታምናለች፣ እኔ ነኝ እንደዚያ ያስተማርኳት። በጣቷ ቆጠረች። ከነሐሴ እስከ ነሐሴ። እንደገና ቆጠረች።

«አንቺ ስንት ነኝ ትያለሽ?» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

ሂጂ እጅሽን ታጠቢ አልኳት። እጅሽን ታጠቢ! ውይ ታንጉት…

ጥር 21

ካርዱን ከመሳቢያው አወጣሁት፣ አየሁት፣ መለስኩት። ሦስት ጊዜ።

ብናገርስ? ከአምስተኛ ክፍል ወደ ሦስተኛ ቢያወርዷትስ? ለአራት ቀን ኳስ ብዬ ሁለት ዓመት ትምህርቷን ላጥፋ? ደግሞስ እኔ በየትኛው አፌ? አምና መድረክ ላይ ወጥቼ «ወላጅ እውነት ካልተናገረ ልጅ ከማን ይማራል» ያልኩ ሴትዮ ነኝ እኮ።

ዝም ብልስ ምን ይመጣል? ዝም ካልኩ አርጆ አትሄድም። የፈለግኩት ይኸው አይደል?

ታዲያ ለምንድነው ዛሬ የደንበኛ ኮት እጅጌ ገልብጬ የሰፋሁት? ኮቱን ሙሉ ፈታሁት።

ጥር 22

ጂሩ ቱታውን ሊያስጠብብ ሱቅ መጣ። ልክ ወሰድኩ። ከስቷል።

«ናጋዳ፣ መምህር?» ብዬ ሰላም አልኩት።

«ናጋ፣ አዴ ታንጉት» አለ። ከዚያ «ትልልቅ ልጅ ደብቆ ሊያስገባ ነበር እያሉኝ ነው» አለ። «ሻይ ቤት ስገባ ዝም ይላሉ። ልጆቹ ዘጠኝ፣ አስር ሲሉኝ አምኜ መረጥኩ። ፋይል ማየት ነበረብኝ።»

ሜትሩን በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። አሁን ንገሪው፣ አሁን… ደንበኛ ገባ፣ ጂሩም ተሰናብቶ ሄደ። ደንበኛው ቁልፍ ነበር የፈለገው። አንድ ቁልፍ!

ራሴን ጠላሁት ዛሬ።

ጥር 24

ልጻፈው፣ እየሳቅኩም ቢሆን። 

ስለ ተሰረዙት ልጆች አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ርዕሰ መምህሯ ብፅዓት፣ መምህራኑ፣ ወላጆች፣ ክፍሉ ሞልቷል። ጂሩ ተነሳና «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ቡድኑን ሌላ ሰው ይያዘው» አለ።  ሁሉም ጫማውን ያያል። እኔም የኔን እያየሁ ነበር… ከዚያ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«የሱ ጥፋት አይደለም፤ የኔ ነው» አልኩ።  «ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስመዘግባት ሁለት ዓመት ጨምሬ ዋሽቻለሁ። ይኸው ካርዷ። እኔ እንድትሄድ አልፈልግም፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዝም ብል ይመቸኝ ነበር። ግን በኔ ውሸት ሌላ ሰው ሌባ አይባልም።»

 ጆሮዬ እሳት ሆነ። አለቀልሽ ታንጉት አልኩ በልቤ።

ከጎኔ ሩክያ ሳቋን ለቀቀችው። «ውይ ውይ ታንጉትዬ! እኔም እኮ አንድ ጨምሬያለሁ!»

ገለታ ከኋላ ተነሳ። ያ ግዙፍ ሰውዬ! «እኔ ሁለት» አለ። «ለዚያውም የኬኔ እጅ ጆሮዋ ጋ አልደርስ ብሎ አንገቷን አዘንብዬ ነው ያስነካኋት!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አራተኛዋ፣ አምስተኛው። ስድስተኛው አባት ብቻ አንገቱን ደፍቶ «የኔስ እውነትም አስራ አንዷ ነው» አለ፣ ለሱም ተሳቀ፣ ልጅቷ ግን አሳዘነችኝ። ብፅዓት ሳቋን እየያዘች «እስቲ ኳሱን ተዉት፣ እዚህ ውስጥ ዕድሜ የጨመረ ወላጅ ሁሉ እጁን ያውጣ» አለች። እጅ ብቻ ሆነ ክፍሉ! የሒሳብ መምህሩ ሳይቀር አወጣ።

የፈራሁትን ጠየቅኩ። «ከክፍሏ ልታወርዷት ነው?»

«ከክፍሏ ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ የት ላውርዳት?» አለች ብፅዓት። «ካርዶቹን አምጡ፣ ፋይሉ ይስተካከላል፣ ለኮሚቴው ደብዳቤ እጽፋለሁ።»

ጂሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። በር ላይ ሲደርስብኝ ነው «ገላቶሚ፣ አዴ ታንጉት» ብሎ ያመሰገነኝ።

ቤት ገብቼ ኡርጂን አስቀመጥኳት። ዘጠኝ ነሽ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «አውቄ ነበር፣ ቆጥሬዋለሁ» አለች። ከዚያ አቀፈችኝ። አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ?

ጥር 27

ኮሚቴው ተቀበለ! አስራ ሦስት ልጆች።

አሁን ደግሞ ዋናው ጥያቄ እኔው ጋ ቀረ። እውነት መናገር ሌላ፣ መላክ ሌላ። ጂሩ ጋ ሄድኩ። ልጄን እሰጥሃለሁ፣ ግን ሦስት ወላጅ አብሮ ካልሄደ፣ ሁሉም ልጅ በየጨዋታው ካልገባ፣ ከዳር ሆኖ በልጅ ላይ የሚጮህ ወላጅ ካልተባረረ አልፈርምም አልኩት። «ይሄን ሁሉ እኔም ስጠይቅ ኖሬያለሁ፣ የሚያግዘኝ ወላጅ አጥቼ ነው» አለ። «ታዲያ ከሦስቱ አንዷ ማን ናት?»

ሱቄን ለአራት ቀን እዘጋለሁ አልኩት። ፈረምኩ።

የካቲት 2፣ አርጆ

ደረስን። መኪናው ሲነሳ የሩክያን እጅ ጨብጬ ያዝኩ። ልጆቹ ግን ከነቀምቴ እስከዚህ እየዘፈኑ ነው የመጡት፣ በኦሮምኛ ይጀምሩና በአማርኛ ይጨርሱታል። የሚያድሩት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፣ ፍራሽ ተዘርግቷል። ብርዱ አጥንት ይገባል። የአርጆ እናቶች ብርድ ልብስ ይዘው መጡ። ሳንጠይቃቸው!

የካቲት 3

በኑኑ ቁምባ ወረዳ ልጆች ሦስት ለዜሮ ተሸነፍን።

የሚያባርር ቢኖር እኔ ነበርኩ የምባረረው። አስረኛው ደቂቃ ላይ «ኡርጂ ልቀቂው! ልቀቂው እንጂ አንቺ ልጅ!» ብዬ ሜዳውን አናወጥኩት። ጂሩ በቀስታ መጣ። «አዴ ታንጉት፣ ሕጉ የማን ነበር?» ሴቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጠመጠምኩት። ገለታ ሦስተኛው አጃቢ ነው፣ እሱም ሊጮህ ሲል ነጠላ እሰጥሃለሁ አልኩት።

ሲያልቅ ልጆቹ አለቀሱ። ሮጬ ልደርስ ስል… ደርሰው ነበር። ኡርጂ ኬኔን አቅፋለች፣ የሩክያ ልጅ ኡርጂን አቅፋለች፣ ግብ ጠባቂያችን ከመሀላቸው ገብታለች። እኔ ምንም ቦታ አልነበረኝም። ዳር ቆሜ ውሃውን ይዤ ጠበቅኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከኑኑ ቁምባ ልጆች ጋር ገመድ ሲዘሉ አየኋቸው።

ስብሰባ ላይ ማን ያቅፋታል ያልኩት ስህተት ነበር በቃ። መጻፍም አለብኝ፣ ተሳስቼ ነበር።

የካቲት 4

አሸነፍን! ባለሜዳዎቹን፣ የአርጆን ልጆች፣ አንድ ለዜሮ። ብርድ ልብስ ያመጡልን እናቶች ፊት መጨፈር ከበደኝ። ቀድመው ያጨበጨቡልን እነሱ ናቸው። ከሰዓት ዲጋን ሁለት ለአንድ። ሁለት ጨዋታ በአንድ ቀን ለልጅ ይበዛል፣ ይሄን ለኮሚቴው ነገርኩ። በደብዳቤ ጻፊው አሉኝ። እጽፈዋለሁ!

ነገ ፍጻሜ። ከማን ጋር? ከኑኑ ቁምባ።

የካቲት 5

እልልልል!

ልረጋጋ። መጀመሪያ እነሱ አገቡ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ማንም አላለቀሰም። ከእረፍት በፊት የሩክያ ልጅ አቻ አደረገች። ሩክያ ሂጃቧን ይዛ ዘለለች። ከዚያ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የኑኑ ቁምባዋ ዘጠኝ ቁጥር፣ እሳት የሆነች ልጅ፣ ሁሉንም አልፋ ብቻዋን መጣች። ከፊቷ ያለችው ኡርጂ ብቻ ናት። ነጠላዬን ነከስኩት። 

ኡርጂ አልተጣደፈችም። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ አለች… ልጅቷ ኳሱን ትንሽ ስታርቀው ቀማቻት! ሳትነካት! እኔ ብሆን ኳሱን እስከ ነቀምቴ እጠልዘው ነበር። ልጄ ቀና ብላ አየች። ባዶ ቦታ ላይ የቆመችውን አይታ ሰጠቻት፣ ያቺም ለኬኔ፣ ኬኔ መታችው። ገባ!

ነጠላው የት እንደወደቀ አላውቅም። ገለታ እንደ ሕፃን እያለቀሰ አቀፈኝ፣ ጎድኔን ሊሰብረው። ሕጉም ተረሳ፣ ሁላችንም ጮህን፣ ዳሩ የደስታ ጩኸት አልተከለከለም። ሲያልቅ ኡርጂ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ዘጠኝ ቁጥሯ ነው። የእናቶቻቸውን ስልክ ቁጥር ክንዳቸው ላይ በስክሪብቶ ተጻጻፉ። የልጅቷ እናት መጥታ እኔን ሳመችኝ። «ባጋ ገመዴ! እንኳን ደስ አለሽ! ይቺን ልጅ ምን እያበላሽ ነው ያሳደግሻት?» አለችኝ። ዳቦና ሻይ አልኳት።

የካቲት 6

ነቀምቴ ገባን። ገበያው አጠገብ መኪናው ቆመ፣ ዋንጫውን በመስኮት አወጡት። ዋጋሪ የጭነት መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ነፋው፣ ትራፊኩ መጥቶ ሊከሰው ሲል ምክንያቱን ሰምቶ አብሮ አጨበጨበ። ጂሩ ሻይ ቤት ሲገባ ተነሱለት። በዓይኔ አየሁ፣ ሆን ብዬ ተከትዬው ነው የሄድኩት።

የካቲት 11

ለኮሚቴው ደብዳቤውን ጻፍኩ። በቀን አንድ ጨዋታ ብቻ፣ በየቡድኑ ሦስት ወላጅ። ከመቶ በላይ ወላጅ ፈረመበት። ልጅ ይጓዝ ወይስ አይጓዝ ብለው ቢጠይቁኝ ዛሬ እንዲህ እላለሁ… ይጓዝ፣ ግን አዋቂው አዋቂ ሆኖ ከተገኘ። ይሄን ለማለት አርጆ ድረስ መሄድ ነበረብኝ?

መጋቢት 13

በቀን አንድ ጨዋታ ተፈቀደ!! እኔ ጻፍኩት፣ ተፈቀደ። ዋጋሪ «ሚኒስትር ሆንሽ» እያለ ያሾፋል።

መጋቢት 20

ዛሬ ጠዋት ልጆቹ ለሁለት ቀን ውድድር ወደ ዲጋ ሄዱ። የማጀብ ተራው የሩክያ ነው፣ የኔ አይደለም። የሠርግ ልብስ አለብኝ፣ ብፈልግም አልችልም ነበር። ግን… ተራ ልለውጥሽ ብዬ ሩክያን አልለመንኩም፣ ኡርጂም አብረሽኝ ነይ አላለችኝም። መኪናው ሲሄድ ቆሜ አየሁት፣ ከዚያ ሱቅ ገብቼ ሰፋሁ። የሁለት ሚዜ ቀሚስ ጨረስኩ፣ አንዱንም መልሼ አልፈታሁም።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አላስችለኝ አለና ሩክያ ጋ ደወልኩ። ኡርጂን አቅርቢልኝ አልኳት። ከኋላ የልጆች ጫጫታ፣ የሰሃን ድምፅ።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ? በላሽ? በረደሽ?»

«እማ ደህና ነኝ፣ ዘጠኝ ቁጥሯም መጥታለች፣ አብረን እየበላን ነው፣ ነገ ልደውልልሽ?»

እሺ እስክል እንኳ አልጠበቀችም። ዘጋችብኝ! እናቷ ላይ!

ስልኩን ይዤ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅኩ። እሰይ የኔ ልጅ። እሰይ!